የጀግናው አምባር

ጎረቤታችን ያለው ጋራዥ ሙዚየም መሆናችንን ያወቀው በቅርቡ ነው። እስከዚያ ድረስ ምን መስለናቸው እንደነበር እግዜር ይወቅ። አንድ ቀን የጋራዡ ባለቤት በራችን ላይ የቆመውን የተማሪዎች አውቶብስ አይቶ ኖሮ፣ በቅን ልቦና መጣና፣ ከተበላሸ እንይላችሁ አለን። አልተበላሸም፣ ልጆቹ ሊጎበኙ ነው የመጡት አልኩት። ምኑን? አለኝ።

እኔ በዚህ ሙዚየም አስጎብኚ ሆኜ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ከወሎ ሰፈር ዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በጋራዡና በአንድ ሆቴል መሀል የተቀመጠ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ስሙን አልነግራችሁም። ብነግራችሁም ጋራዡን ነው የምታውቁት።

ሙዚየምና ትምህርት ቤት ተባብረው ይሠራሉ ሲባል እኔ የማውቀው ይህን ነበር። አውቶብስ ይመጣል። ሰማንያ ልጅ ይወርዳል። መምህሩ ይቆጥራል፤ ሰባ ዘጠኝ ይሆንበታል። እንደገና ይቆጥራል፤ ሰማንያ አንድ ይሆናል። በዚህ መሀል ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ከዚያ በሰልፍ ይገባሉ፤ እኔ «አትንኩ» እላለሁ፤ እነሱ ደብተራቸውን አውጥተው ከየዕቃው ሥር ያለውን ጽሑፍ ይገለብጣሉ። ዕቃውን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። በምን ጊዜው? ጽሑፉ ራሱ መቼ ያልቃል? ገልብጠው ይሄዳሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ልጅ የጠየቀኝ ጥያቄ ብቻ ትዝ ይለኛል። ሽንት ቤቱ የት ነው የሚል ነበር። መልሱን በደንብ አውቀዋለሁ።

አንድ ዕቃ ጋ ስንደርስ ግን እስክሪብቶ ይቆም ነበር። ይህንን መደበቅ አልችልም። ከመግቢያው ፊት ለፊት፣ ለብቻው በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ፣ የወፈረ የብረት ቀለበት አለን። ከሥሩ «የጦር መሪ የክንድ አምባር፤ ብረት» ይላል። ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ እኔ ስቀጠር ተጽፎ ነው የጠበቀኝ። በመጀመሪያው ዓመት እንደ ጽሑፉ ብቻ ነበር የምናገረው። ልጆቹ ሲያዛጉ አየሁና በሁለተኛው ዓመት ጀግናውን ፈረስ ላይ አወጣሁት። በአራተኛው ዓመት ፈረሱ ነጭ ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጀግናው ወንዝ ተሻገረ፣ ቆሰለ፣ ዳነ። በመጨረሻ እናት አመጣሁለት። አምባሩን ክንዱ ላይ ያሰረችለት እሷ ናት፤ «ሳትመልሰው አትምጣ» ብላዋለች። እዚህ ጋ መምህራን ሳይቀሩ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ምን ላድርግ? አንዴ እናት ካመጣችሁ በኋላ መልሳችሁ መውሰድ አትችሉም።

አምባሩ እየገነነ መጣና የሙዚየማችን አርማ ሆነ። በራችን ላይ አለ፤ በደብዳቤያችን አናት ላይ አለ፤ ማኅተማችንም ክብ የሆነው በሱ ምክንያት ነው ይባላል።

እንግዲህ አለቃችን ወይዘሮ ለተብርሃን አንድ ሥልጠና ሄደው መጡ። ቁጥብ፣ ነገር የማይወዱ፣ ያሰቡትን ሳይሠሩ የማያድሩ ሴት ናቸው። ሰበሰቡንና፣ ከእንግዲህ ልጆቹ ወደኛ ብቻ አይመጡም፣ እኛም ወደነሱ እንሄዳለን አሉ። ዕቃ በሣጥን ይሄዳል። ልጆቹ በእጃቸው ይነካሉ። ከዚያ ራሳቸው ጽሑፉን ጽፈው፣ ወላጅ ጠርተው፣ ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ትንሽ ሙዚየም ያሳያሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጠው ለሚ ኩራ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ እኔም የተመረጥኩት ቤቴ እዚያው ስለሆነ ነው። በችሎታዬ ነው ብዬ ለባለቤቴ ነግሬአታለሁ።

ሣጥኑን ይዤ መገናኛ ተሰለፍኩ። ውስጡ ስምንት ዕቃ አለ፤ አምባሩም አለ። ታክሲ ሲመጣ ረዳቱ ሣጥኑን ከእጄ ተቀበለና ከኋላ ወንበር ሥር ወሸቀው። ቅርስ ነው አልኩት። ችግር የለም፣ ትርፍ ጎማውም እዚያ ነው አለኝ። ጀግናው ለሚ ኩራ የገባው እንዲህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥበቃው አስቆሙኝ። ኦቦ ደበላ ይባላሉ። ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ካፖርታቸው ከሳቸው የሚሰፋ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው።

«ክፈት» አሉኝ።

«የሙዚየም ቅርስ ነው።»

«እሱም ይከፈታል።»

ከፈትኩ። አንድ በአንድ አዩ። አምባሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ሰደው አነሱት። እኔ በሃያ ዓመት ውስጥ ያለ ጓንት ነክቼው አላውቅም። እሳቸው አውራ ጣታቸውን ውስጡ አስገብተው አዞሩት።

«ማረሻውስ?» አሉኝ።

«የምን ማረሻ?»

«ወገሉን ብቻ ይዘህ ማረሻውን የት ጣልከው?»

ወገል አይደለም፣ አምባር ነው፣ የጀግና የክንድ አምባር ነው አልኳቸው። ኦቦ ደበላ ብረቱን አዩ። ቀጥለው ክንዴን አዩ። ብረቱን ቀስ ብለው ወደ ሣጥኑ መለሱት።

«እሺ» አሉ። «ግባ።»

እሺታቸው ነው የገደለኝ። ቢከራከሩኝ እኮ እከራከራቸው ነበር።

አምስተኛ ክፍል ገባሁ። መምህርት ትዕግሥት የምትባል የኅብረተሰብ አስተማሪ፣ ልጆቹን በደንብ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ዕቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ልጆቹ ሲነኩ ሁለት ጊዜ «አትንኩ» አልኩ፤ ሃያ ዓመት የለመደ አፍ እንዴት ይተዋል? ጀግናውን፣ ፈረሱን፣ እናቱን ተናገርኩ። አንድ ሦስት ልጆች አምባሩን እየተቀባበሉ ክንዳቸው ላይ አደረጉት። የሁሉም ክንድ ላይ ይሽከረከራል። ጀግናው ወፍራም ነበር አልኳቸው።

ከመሀል ሶልያና የምትባል ልጅ እጇን አወጣች። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ መነጽር አላት፤ ድምጿ ዝግ ያለ ነው። አምባሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ቆይታለች።

«ቲቸር፣ ለምንድን ነው ከውስጥ ብቻ የተበላው?»

እውነትም ውስጡ በአንድ ወገን ቀጥኗል። አይቼው አላውቅም ነበር። ጀግናው ሲዋጋ ክንዱ ስለሚወዛወዝ ነው አልኩ።

«ሥጋ ብረት ይበላል?»

መሳቂያ ልታደርገኝ ብላ አይደለም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው። ጥሩ ጥያቄ ነው አልኳት። ጥሩ ጥያቄ ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስተማሪዎች ያውቁታል። መምህርት ትዕግሥት ቀና ብላ አየችኝና ወዲያው ጥቁር ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረች። ሰሌዳው ላይ ምንም አልነበረም።

ምሳ ሰዓት ላይ እግሬ ራሱ በሩ ጋ ወሰደኝ። ኦቦ ደበላ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እስቲ ስለ ወገል ይንገሩኝ አልኳቸው። ማብራራት አይወዱም። መሬቱ ላይ በዱላቸው ጫፍ ሥዕል አደረጉ። ይህ ማረሻው ነው። ይህ ድግሩ ነው፤ ግራና ቀኝ አፈሩን የሚገልጡት ሁለቱ እንጨቶች። ወገል እነዚህን ከማረሻው ጋር አንቆ የሚይዘው ብረት ነው። ሲታረስ ይፋተጋል፤ ሲፋተግ ከውስጥ ይበላል።

«የኛው ለምን በአንድ ወገን ብቻ ተበላ?» አልኳቸው። የኛው ማለቴን ልብ አላልኩትም።

«ወደ አንድ ጎን የሚጎትት በሬ ካለህ እንደዚያ ይሆናል። የኔም እንዲሁ ነበር። ቀኙ በሬ ሰነፍ ነበር።»

የት ነበር የሚያርሱት? ብዬ ጠየቅኋቸው። በአገጫቸው ወደ ትምህርት ቤቱ ጠቆሙ። አምስተኛ ክፍል ያለበት ጤፍ ነበር አሉ። ሽንት ቤቱ ጋ ሽምብራ። ቢሮው ያለበት ውሃ ስለሚያቁር ብዙም አይሆንም ነበር። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። ከተማው መጣ፤ በሬዎቹ ሄዱ፤ ልጆቻቸው የየራሳቸውን ኑሮ ያዙ።

«አሁንስ?» አልኩ።

«አሁን ያው መሬቴ ላይ ነኝ። እጠብቀዋለሁ።»

ጠዋት ለምን አጥብቀው አልነገሩኝም? አልኳቸው። «ነገርኩህ» አሉ። «አምባር ነው አልከኝ። አንተ የተማርክ ሰው ነህ።»

በማግስቱ እንዲህ ብዬ ቆርጬ ወደ ወይዘሮ ለተብርሃን ቢሮ ሄድኩ፦ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ የመጣው ይምጣ። አንኳኩቼ ገባሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ከማተሚያ ቤት የመጣ የካላንደር ክምር አለ። ሽፋኑ ላይ አምባሩ፣ በትልቁ፣ ከሥሩ «ጀግንነታችን በክንዳችን» ይላል። እንዴት ነው? አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ከስንት ጊዜ አንዴ የማየው ፈገግታ አለ።

ቆንጆ ነው አልኩና ወጣሁ።

አትፍረዱብኝ። ደግሞ ፍረዱ። አራት ሳምንት ሙሉ በየረቡዑ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ኦቦ ደበላ ሣጥኑን ይከፍታሉ፣ ብረቱን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ መልሰው ይዘጉታል። ልጆቹ ዕቃ ተከፋፈሉ፤ ስለያዙት ዕቃ ጠይቀው ጽሑፉን ራሳቸው ይጽፋሉ። ሶልያና አምባሩን መረጠች። እኔ ጋ መጥታ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ደስ አለኝ። አያችሁ ያለሁበትን ሁኔታ? የምታስብ ልጅ ሳትጠይቀኝ ስለቀረች የሚደሰት አስተማሪ ሆኛለሁ።

ያልጠየቀችኝ ለካ ሌላ የምትጠይቀው ሰው ስላገኘች ነው። አባቷ ሥራ እንዳይረፍድበት በጠዋት ነው የሚያደርሳት። በሩ እስኪከፈት ድረስ ከኦቦ ደበላ ጋር ትቀመጣለች። ይህን በኋላ ነው ያወቅሁት።

የወላጆች ቀን ደረሰ። አምስተኛ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ነጭ ወረቀት ለብሰው፣ ዕቃዎቹ ተደርድረው፣ ልጆቹ ከየዕቃቸው ኋላ ቆመዋል። ወላጆች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ወይዘሮ ለተብርሃን ለእንግዶች የሚታደል ካላንደር አስይዘው መጡ። ከጫፍ ጀምረው እያነበቡ፣ እያመሰገኑ፣ ሶልያና ጋ ደረሱ። ጽሑፉ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦

«ወገል። ማረሻና ድግር አንቆ የሚይዝ ብረት ነው። ውስጡ የተበላው ስለታረሰበት ነው። አምባር አይደለም። የነገሩን ኦቦ ደበላ ናቸው፤ እሳቸው አርሰዋል።»

ወይዘሮ ለተብርሃን አነበቡ። እጃቸው ላይ ያለውን ካላንደር አዩ። እንደገና አነበቡ።

«ኦቦ ደበላ ማን ናቸው?» አሉ።

«ጥበቃችን ናቸው» አለች መምህርት ትዕግሥት። ድምጿ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አላወቀችም።

ተጠሩ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ወላጆች መንገድ ለቀቁላቸው። ወይዘሮ ለተብርሃን በትሕትና፣ አባቴ፣ ይህ ዕቃ ምንድን ነው? ብለው ጠየቋቸው።

ኦቦ ደበላ ብረቱን አዩ። ካላንደሩን አዩ። ካላንደሩን የያዙትን ሴትዮ አዩ። መጨረሻ ላይ ወደኔ ዞሩ። ፊቴ ላይ ምን እንደነበር አላውቅም፤ እሳቸው ግን አይተው ነገሩ ገባቸው።

«አምባር ነው» አሉ። «የጀግና።»

ሶልያና አላለቀሰችም። ልጆች ቢያለቅሱ ይሻላል አንዳንዴ። ወረቀቷን ያዘችና በዚያች ዝግ ባለች ድምጿ፣ «ኦቦ ደበላ፣ እኔ አልዋሸሁም እኮ» አለቻቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ሃምሳ ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ የሁለቱም አንገት የተደፋው በኔ ምክንያት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ወገል ነው» አልኩ።

ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው። እንደገና አልኩት። ልጅቷ የጻፈችው ትክክል ነው፣ እኔም ካወቅሁ አራት ሳምንቴ ነው አልኩ። ወይዘሮ ለተብርሃን ቀስ ብለው ዞሩብኝ። የምትነግራቸው ታሪክስ? አሉኝ። ፈጠራ ነው አልኩ።

«ፈረሱም?»

«ፈረሱም።»

«እናትየዋስ?»

«እሷንም እኔ ነኝ ያመጣኋት።»

ካላንደሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ያዘኑት በእናትየዋ ይመስለኛል። ከዚያ ወደ ኦቦ ደበላ ተጠጉና፣ አባቴ፣ እስቲ እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩን አሏቸው።

ሽማግሌው መጀመሪያ አመነቱ። ኋላ የመጥረጊያ እንጨት ፈልገው ማረሻ አደረጉት። ከመምህርት ትዕግሥት ሁለት ትልልቅ የእንጨት ማስመሪያ ተቀበሉ፤ ድግር አደረጓቸው። ብረቱን አጠለቁት፤ ቀጥ ብሎ ገባ። በማንም ልጅ ክንድ ላይ እንደዚያ ልክክ ብሎ አያውቅም። በሬ ያስፈልጋል አሉ። ግራ በሬ ሶልያና ሆነች። ቀኝ በሬ ደግሞ አንድ ሱፍ የለበሱ አባት ሆኑ፤ ስልክ እያነሱ ስለሚቆሙ እርሻው ወደ አንድ ወገን ሄደ። ኦቦ ደበላ ደስ አላቸው። «አያችሁ?» አሉ ለልጆቹ። «የሚበላው እንዲህ ሲሆን ነው።» ከበሩ ጥግ እስከ መስኮቱ ድረስ፣ የሴራሚኩን ወለል፣ የራሳቸውን መሬት፣ አንድ ትልም አረሱ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ቆመው ወደ ውጭ አዩ። ትንሽ ቆዩ። ማንም አላቻኮላቸውም።

ሰው ሲበተን በሩ ላይ ጠብቄ፣ ለምን እንደዚያ አሉ? ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጆች አሉህ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ» አሉኝ። «እንጀራቸው ነው።»

ከሥራ አልተባረርኩም። ወይዘሮ ለተብርሃን ካላንደሩን አልጣሉትም፤ መፈክሩ ላይ ወረቀት አስለጠፉበት። ቀጥሎ ኦቦ ደበላን ሙዚየማችንን እንዲያዩ ጋበዟቸው። እኔ አጠገባቸው እየሄድኩ፣ ምንም ሳልናገር፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ የሚሉትን ገለበጥኩ። በዚያ ቀን ሦስት ዕቃ ስማቸው ተቀየረ። አራተኛውን፣ «ጥንታዊ የብረት መሣሪያ» የሚለውን፣ ሽማግሌው ግራና ቀኝ አገላብጠው አዩትና የበር ማጠፊያ ነው አሉ። አጣራን። የራሳችን በር ነው።

አሁን ሙዚየማችን ውስጥ ሙሉ ማረሻ አለ፤ ከነሞፈሩ፣ ከነቀንበሩ። ወገሉም ቦታው ላይ ነው። በየሳምንቱ አንድ ቀን ኦቦ ደበላ ለመጡት ተማሪዎች ያስረዳሉ። ንግግር አልችልም ብለው ነበር፤ እውነታቸውን ነው፣ አይናገሩም፤ ልጆቹን ያሳርሷቸዋል። ደብተር የሚያወጣ የለም። መምህራን ልጅ መቁጠር ይረሳሉ።

ትምህርት ቤቱ በዚህ ነገር ተደሰተ፤ ግን አንድ ጥያቄ አነሳ። እሳቸው ሲሄዱ በሩን ማን ይጠብቅ? መተባበር ማለት ከሁለቱም ወገን ነው አሉ፤ ልክ ናቸው። ወይዘሮ ለተብርሃን ትንሽ አሰቡና፣ ቤትህ ለሚ ኩራ አይደል? አሉኝ።

እንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን በሩ ላይ እኔ ነኝ። ካፖርቱ ለኔም ይሰፋል። ሥራው አያስቸግርም፤ ሰውም እንደ ድሮው አያዛጋብኝም። ባለፈው አንዲት እናት ልጇን ልታደርስ መጣችና ዙሪያዋን ስታይ ቆየች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ኦቦ ደበላ የት ሄዱ?» አለችኝ።

«ሙዚየም ገብተዋል» አልኳት።

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ውይ! ነፍስ ይማር!» አለች። «እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ!»

ከኋላዋ ብዙ ወላጅ ተሰልፎ ስለነበር ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። አሜን አልኩና አሳለፍኳት።